እሪታው በከንቱ እንዳይሆን

ሰው ከሰው ጋራ በከተማ ተሰብስቦ የሚኖርበት ዋናው ምክንያት አንዱ በሌላው ተጠግቶ ሕይወቱንና ገንዘቡን ከአደጋ ለማዳን መሆኑ የታወቀ ነው። በምድረ በዳ ብቻውን የሚያድር መንገደኛ ዐይኑን ሳይከድን ሌሊቱን ያነጋል፤ በከተማ የሚያድር ሰው ግን ዘበኛው፣ ጎረቤቱና ዳኛው ነቅተውልኛል ብሎ ተማምኖ ይተኛል። ይህ መተማመን የጠፋበት ከተማ ቤቱ ቢያምር፣ መንገዱ ቢሰፋ፣ መብራቱም ቢበዛ ከምድረ በዳ የሚለየው በስም ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ መካከል፣ ከአራዳ ብዙ ሳይርቅ፣ «እሪ በከንቱ» የሚል ስም የያዘ ሰፈር ለብዙ ዘመን ኖሯል። ሽማግሌዎች የስሙን ምክንያት ሲያስረዱ፣ በቀድሞ ጊዜ በዚያ ጨለማ ስፍራ የሚያልፈውን መንገደኛ ቀማኛ ሲያገኘው ሰውየው እሪ ቢልም የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይላሉ። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ቢሆንም ትምህርቱ ለማስተዋል የሚበቃ ነው። እሪታ በከንቱ የሚቀረው ሰሚ ጆሮ በመጥፋቱ አይደለም። በከተማ መካከል የሚጮኸውን ሰው ብዙዎች ይሰሙታል፤ ዳሩ ግን የሰማው ሁሉ «ሌላው ይደርስለታል» እያለ በየቤቱ ስለሚቀር፣ ሰሚው በበዛ ቁጥር ደራሹ ያንሳል። በየመሥሪያ ቤቱም መካከል የሚያጋጥመው ችግር ይኸው ነው፤ ጥበቃው የብዙዎች ሥራ የተባለ እንደ ሆነ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ የቀድሞ ልማድ ግን እንዲህ ያለውን ዝምታ የሚፈቅድ አልነበረም። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ በዳዩ በቆመበት ይቆም ነበር፤ የሰማውም መንገደኛ ጉዳዩን ትቶ ሁለቱን ከዳኛ ማድረስ ይገባው ነበር። ከብት ወይም ገንዘብ ተሰርቆ ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነም፣ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዐት የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቅ ነበር። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰው እንዲበተን አይፈቀድለትም፤ ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ የጠፋውን ገንዘብ አገሩ በጋራ ይከፍላል። ይህ ሥርዐት ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ንጹሑን ሰው ከበደለኛው ጋራ ሥራ ያስፈታል፤ በስውር የሚናገረውም «ወፍ» የገዛ ቂሙን ሊወጣበት ይችላል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ እውነት ነበረ፤ ይኸውም ወንጀል በአንድ ሰው ላይ ቢፈጸምም ዕዳው የሰፈሩ ሁሉ ነው የሚለው ሐሳብ ነው።

ይህንንም ሐሳብ ሌሎች ሕዝቦች በየራሳቸው መንገድ ደርሰውበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1285 በእንግሊዝ አገር የወጣው የዊንቸስተር ሕግ፣ የእሪታ ድምፅ የሰማ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወንጀለኛውን ከመንደር ወደ መንደር እያሳደደ እንዲይዘው ያዝ ነበር፤ ቀማኛው ያልተያዘ እንደ ሆነም የአካባቢው ሕዝብ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆን ነበር። በባሕርና በቋንቋ እጅግ የተራራቁ ሁለት ሕዝቦች አንድ ዐይነት ሥርዐት ማቆማቸው፣ ጸጥታን በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ጥሎ መኖር የማይቻል መሆኑን የሚያስረዳ ነው።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ ይህ የገጠር ሥርዐት ለከተማ ኑሮ እንዳልበቃ የታየው በመጀመሪያ በአራዳ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ ከየአውራጃው የመጣ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሕዝብ የሚገናኝበት ነበር። በመንደር ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ በገበያ ግን ሻጭ ገዥውን፣ ገዥም አጠገቡ የቆመውን አያውቅም። ስለዚህ ነጋድራሱ ቀረጥ ከመሰብሰቡ በላይ በገበያው ውስጥ የሚነሣውን ክርክር ይዳኝ ነበር፤ ጥበቃውም የአራዳ ዘበኛ ተብሎ ለታወቀው ወገን ተሰጠ። አጭበርባሪውና ኪስ አውላቂው በዚያው ገበያ ስለ በረከተ፣ ለመጠንቀቅ ሲል ዐይኑን የገለጠው የከተማ ሰውም በዚያው ተፈጠረ፤ «አራዳ» የሚለው ቃል ከሰፈር ስምነት አልፎ የብልጥ ሰው መጠሪያ ሊሆን የቻለው ስለዚህ ነው።

በዚያን ዘመን ሌባን ለማግኘት ከሚሠራባቸው ልማዶች አንዱ ሌባ ሻይ ነበር። አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኀኒት ጠጥቶ በየመንደሩ እንዲሮጥ ይደረጋል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ ማለት ከ1903 እስከ 1909 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ይህን ልማድና ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቍራኛ የሚባለውን ሥርዐት ለማስቀረት ተሞከረ፤ ተረንቡሌ የተባለም የከተማ ፖሊስ ተቋቋመ። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ማስረጃን የሚሰበስብ፣ ምስክርን የሚሰማና ፍርድን የሚሰጥ የተያያዘ ሥርዐት በሌለበት ስፍራ ሰው ወደ ጥንቈላና ወደ ግምት ይሄዳል፤ ግምትም ንጹሑን እንደ በደለኛ አድርጎ ያስቀጣል።

ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ጊዜ ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ መርካቶ እንዲዛወር ተደረገ፤ ለአደባባዩም ፒያሳ የሚል ስም ተረፈው። ከነጻነት በኋላ መንግሥት የከተማን ጸጥታ በሕግ ለማቆም ሦስት ታላላቅ አዋጆችን አወጣ። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 6 የፖሊስ ኀይል ተቋቋመ፤ በ1937 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶች ሥራ ተወሰነ፤ በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 90 የአጥቢያ ዳኞች ሥልጣን ተደነገገ። አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርሰውን ትንሽ ክርክር በቅርብ ሆኖ እየሰማ ባለጉዳዮችን እንዲያስታርቅ የታሰበ ነበር። እንግዲህ ዘበኛው፣ ማዘጋጃ ቤቱና ዳኛው በ6 ዓመት ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሕግ አገኙ። ሦስቱን በአንድ ክር የሚያያይዘው ግን ሕግ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኞቹ ፈቃድና የዕለት ተዕለት መነጋገር ጭምር ነው። ክሩ በላላበት ዘመን ሁሉ ጸጥታው አብሮ ላልቷል።

ዳግመኛም ክሩ ከሚገባው በላይ የጠበቀበት ዘመን እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ለጎረቤት ክርክር ዳኛ፣ ለሰፈር ጥበቃ ዘበኛ እንዲሆኑ ታስበው ነበር። ነገር ግን ወዲያው በተከተሉት ዓመታት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ይኸው የቀበሌ ድርጅት ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት፣ ወጣት ያለ ፍርድ የሚታሰርበትና የሚገደልበት መሣሪያ ሆነ። ጥበቃን፣ ክስንና ፍርድን በአንድ እጅ የጨበጠ ድርጅት ምን ሊያደርግ እንደሚችል የዚያ ዘመን እናቶች ለቅሶ ምስክር ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቶች ተባብሮ መሥራት ሲባል፣ ሁሉም በየሥልጣኑ ወሰን ቆሞ እርስ በርሱ ይተጋገዛል ማለት ነው እንጂ፣ ሥልጣኖች ሁሉ ተቀላቅለው ጠያቂ የሌለው አንድ ጡንቻ ይሆናሉ ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ በፍርድ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር መደንገጉ የዚህ መራር ትምህርት ፍሬ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ ለመመልከት ለሚፈልግ ሰው አትክልት ተራ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፒያሳና በመርካቶ መካከል የነበረው ይህ ገበያ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የከተማው የአትክልትና የፍራፍሬ ዋና መከፋፈያ ነበር። ከመቂና ከባቱ ሽንኵርትና ቲማቲም፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ የጫኑ መኪናዎች ገና ሳይነጋ ይገባሉ፤ ደላላው ዋጋ ይቈርጣል፤ ተሸካሚው ጆንያውን በጀርባው አድርጎ በጭቃው ውስጥ ይሮጣል፤ ቸርቻሪዋ ሴት የቀኑን ሙሉ ገንዘቧን በመቀነቷ ቋጥራ ትቆማለች። ጥሬ ገንዘብ፣ ጥድፊያ፣ ጨለማና ግፊያ በአንድ ላይ የተገናኙበት ስፍራ ለኪስ አውላቂና ለማጅራት መቺ የተመቸ መሆኑ ግልጽ ነው።

በእንዲህ ያለ ገበያ የሌባን አሠራር ላስተዋለ ሰው አንድ የሚያሳፍር ነገር ይታየዋል። ሌባ ብቻውን አይሠራም። አንደኛው ባለገንዘቡን ይለያል፤ ሁለተኛው ገፋ አድርጎ ልቡን ይወስዳል፤ ሦስተኛው እጁን ይልካል፤ አራተኛው የተወሰደውን ተቀብሎ ይሰወራል፤ አምስተኛው ደግሞ በሱቁ ተቀምጦ ዕቃውን በርካሽ ይገዛል። እነዚህ ሰዎች ጉባኤ ሳይጠሩ፣ ቃለ ጉባኤ ሳይጽፉ፣ ማኅተም ሳያትሙ ሥራቸውን ተከፋፍለው ተስማምተው ይሠራሉ። ሕግ እንዲያስከብሩ ደመወዝ የሚቈረጥላቸው መሥሪያ ቤቶች ግን በየደብዳቤያቸው ሲጠያየቁ ቀኑ ይመሻል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሁሉ፣ ትጋቱ የሚታየው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

የነገሩን መንገድ በተራ ምሳሌ መከተል ይቻላል። አንድ ሰው በሁለት ወረዳዎች ድንበር ላይ ስልኩን ተቀማ እንበል። ወደ አንደኛው ሲሄድ ስፍራው የዚያኛው ነው ይባላል። ደንብ አስከባሪው በአጠገቡ ቆሞ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን የእርሱ ሥራ የመንገድ ላይ ንግድን መቈጣጠር ነው። መብራቱ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ማን ለማን ማስታወቅ እንደሚገባው ግን አልተለየም። ባለሱቁ ቀማኛውን በመልክ ያውቀዋል፤ ዳሩ ግን ለምስክርነት ሲመላለስ የቀን ገበያው እንደሚቀርበት፣ ቀማኛውም ነገ ተመልሶ እንደሚመጣበት ያስባል። ፖሊስ በድካም ይዞ ያቀረበውን ሰው ዳኛው ምስክር ባጣበት ጊዜ ይለቀዋል፤ ዳኛው የፈጸመው ሕጉን ነው፤ ሕዝቡ ግን «ፖሊስ ያዘ፣ ፍርድ ቤት ለቀቀ» እያለ በሁለቱም ላይ ያጕረመርማል። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሥራውን ፈጽሞ የተወ አንድ ስንኳ የለም፤ የተበደለው ሰው ግን እሪታው በከንቱ ቀርቷል። ጉድለቱ ያለው በየሰዉ ላይ ሳይሆን በሰውና በሰው መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ነገሩን ይበልጥ አስቸኳይ አድርጎታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ተስቦ በገባ ጊዜ የአትክልት ገበያው ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ኀይሌ ጋርመንት በሚባለው አካባቢ ሌላ ስፍራ ተሰጠው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዐድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማት ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛውም መሄጃ አምሯል፤ ጨለማ የነበረው ስፍራ በመብራት ደምቋል። ይህ ለጸጥታ የሚሰጠው ጥቅም ሊካድ አይገባም፤ ሌባ ብርሃንን እንደሚጠላ ሁሉም ያውቃል።

ዳሩ ግን ከፈረሱት ግድግዳዎች ጋራ በዐይን የማይታይ ሌላ ነገርም አብሮ ፈርሷል። ያ ጎስቋላ ሰፈር የራሱ ዘበኛ ነበረው፤ ይኸውም ጎረቤቱ ነው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ማን ከየት እንደ መጣ ታውቅ ነበር፤ የዕድሩ ዳኛ የማን ልጅ ከማን ጋራ እንደ ዋለ ይነገረው ነበር፤ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሊስትሮ እንግዳ እግርን ይለይ ነበር። እነዚህ ዐይኖች ተበትነዋል። በምትካቸው በምሰሶ ላይ የተሰቀለው ካሜራ ያየውን ይመዘግባል እንጂ፣ የተሳሳተውን ልጅ በስሙ ጠርቶ አይገሥጽም። በሌላም በኩል ገበያ ሲዛወር በገበያው የሚኖረው ሁሉ፣ ተሸካሚውም ደላላውም ሌባውም፣ አብሮ የሚዛወር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አራዳ ክፍለ ከተማ በብዙ ዓመት ያካበተውን ዕውቀት ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ካላስተላለፈ፣ ወንጀል ከአንዱ ደጅ ተባርሮ በሌላው ደጅ ሲያድር ይኖራል።

የገበያ መዛወር በአዲስ አበባ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። የፓሪስ ታላቅ የምግብ ገበያ ሌ ሃል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ወደ ሬንዢስ፣ የሎንዶኑ ኮቨንት ጋርደን የአትክልት ገበያ ደግሞ በ1974 ወደ ናይን ኤልምስ ተዛውረዋል። ከኮቨንት ጋርደን ገበያ ጥቂት ርምጃ ራቅ ብሎ ቦው የሚባል መንገድ አለ። በዚህ መንገድ በሚገኘው ችሎት ዳኛ የነበረው ሔንሪ ፊልዲንግ የተባለ ደራሲ በ1749 ጥቂት ሰዎችን አደራጅቶ የሌባ አዳኞች ጭፍራ አቋቋመ። ሐሳቡ ግን ሌባን በማሳደድ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ የተሰረቀበት ሰው ሁሉ ቶሎ መጥቶ እንዲያስታውቅ፣ የጠፋውም ዕቃ ምልክት ተጽፎ በጋዜጣ እንዲወጣ አደረገ። ከእርሱ በኋላ ዳኝነቱን የያዘው ወንድሙ ጆን ፊልዲንግ ዐይነ ስውር ነበር፤ ሆኖም ከብዙ ስፍራ የሚመጣውን ወሬ በአንድ መዝገብ እያከማቸ ብዙ ወንጀል ገለጠ። ዐይን የሌለው ሰው የከተማን ወንጀል ሊያይ የቻለው የብዙዎችን ዐይን በአንድ ስላሰባሰበ ነው፤ ብዙ ዐይን ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በየብቻቸው ሲቆሙ ዕውር ሊሆኑ ይችላሉ።

በጃፓን አገር በየሰፈሩ ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የፖሊስ ቤቶች አሉ፤ በዚያ የተመደበው ፖሊስ በየጊዜው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ነዋሪውን ይጎበኛል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ፖሊስን የሚያውቀው በመከራ ቀን ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1998 የወጣ ሕግ ደግሞ የአካባቢው ምክር ቤትና ፖሊስ ወንጀልን ለመቀነስ አብረው እንዲያጠኑና አብረው እንዲያቅዱ ግዴታ አድርጎባቸዋል። በኢትዮጵያም ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ማኅበረሰብ አቀፍ የወንጀል መከላከል በሚል ስያሜ በየቀበሌውና በየወረዳው ፖሊስ ተመድቧል፤ የምክክር ጉባኤም ተቋቁሟል። ጥንስሱ መልካም ነው። ነገር ግን ጉባኤ የሚሰበሰበው በዓል ሲቃረብ ብቻ ከሆነ፣ የተነገረውም በማግሥቱ የሚረሳ ከሆነ፣ ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

የቅዱሳት መጻሕፍትን ነገር ለሚያውቁ ካህናት የነህምያ ታሪክ ከዚህ ሁሉ በላይ የቀረበ ምሳሌ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር በፈረሰ ጊዜ ነህምያ ሥራውን ለአንድ ወገን ብቻ አልሰጠም፤ ካህኑ፣ አንጥረኛው፣ ሽቱ ቀማሚውና ነጋዴው እያንዳንዱ በቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል እንዲሠራ አደረገ። ለእያንዳንዱ ድርሻው ተለይቶ ስለ ታወቀ ማንም በማንም አላሳበበም። ደግሞም ሠራተኞቹ በረጅሙ ቅጥር ላይ ተራርቀው ስለ ነበሩ፣ አደጋ በመጣ ጊዜ ሁሉም የሚሰበሰብበት አንድ የመለከት ድምፅ ተወሰነ። ድርሻን መለየትና አንድ መለከት ማኖር፤ የመተባበር ጥበብ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ይጠቃለላል።

ይህም በአራዳና በአዲሱ የአትክልት ገበያ እንዲፈጸም የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የፖሊስ ጣቢያው፣ የወረዳው የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት፣ ደንብ አስከባሪው፣ ዐቃቤ ሕጉና የንግድ ጽሕፈት ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ያስፈልጋል። በፊታቸውም አንድ መዝገብ ይኑር፤ በሳምንቱ ውስጥ የተፈጸመው ወንጀል በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዐይነት ዘዴ እንደ ተፈጸመ ይጻፍበት። ቅሚያው የሚበዛው መብራት በሌለበት ጥግ ከሆነ መድኀኒቱ የመብራት ሠራተኛ ነው እንጂ ሌላ ጭፍራ አይደለም፤ ገበያው ሲፈታ ከሆነ የጥበቃው ሰዓት ሊለወጥ ይገባል። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው የተወሰነው ተፈጽሟልን?» የሚል ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሌባው ሥር የተሰረቀ ዕቃ ገዥ ስለ ሆነ ይህን ሥር መቍረጥ ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 682 የወንጀል ፍሬ የሆነውን ዕቃ መቀበልና መሸሸግ እንደ ወንጀል ይቈጥረዋል። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ፖሊስ ተስማምተው፣ አሮጌ ስልክና ዕቃ የሚገዙ ሱቆች የሻጩን ስምና የዕቃውን ምልክት እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ፣ የሌባው ገበያ ይዘጋል። ገዥ ያጣ ሌባ የሚያተርፈው ድካሙን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ምስክር የሚሆን ሰው መከበርና መጠበቅ አለበት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 699 በከባድ ወንጀል ለሚመሰክሩና ለሚጠቍሙ ሰዎች ጥበቃ ሰጥቷል። በቀላሉ ወንጀል ደግሞ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት አስቀድመው በማስታወቅ፣ ነጋዴው በከንቱ እንዳይመላለስ ቢያደርጉ፣ በገበያ የሚታየው ዝምታ ቀስ በቀስ ይሰበራል።

አራተኛ፣ ተሸካሚዎችና የመኪና ጠባቂዎች እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ አጋዥ ሊታዩ ይገባል። ሌሊት በገበያ የሚያድር፣ መኪናውንም ሾፌሩንም የሚያውቅ ከእነርሱ በላይ ማንም የለም። በማኅበር ተደራጅተው፣ ቍጥር ያለበት መለያ ለብሰው፣ ለሚሸከሙት ዕቃ ማኅበራቸው ኀላፊ ሆኖ ቢሠሩ፣ የገበያው እውነተኛ ዘበኞች እነርሱ ይሆናሉ። ገበያው ሲዛወር ሥራ ያጡትንም መርሳት አይገባም፤ ትናንት ጆንያ ተሸክሞ ይበላ የነበረ ጐልማሳ ዛሬ ሥራ ፈትቶ በአሮጌው ሰፈር የቀረ እንደ ሆነ፣ ፈታኙ በየማዕዘኑ ይጠብቀዋል።

አምስተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በአድባራት ደጅ የሚያድሩ ልጆች ከየት እንደ መጡ ካህናቱ ከማንም አስቀድመው ያውቃሉ፤ ሕፃኑ በወንጀለኛ እጅ ከመውደቁ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢያስታውቁለት፣ ወደ ቤተ ሰቡም እንዲመለስ ቢረዱት፣ ከብዙ ዘበኛ የሚበልጥ ሥራ ይሠራሉ። የንስሓ ምስጢር የተከበረ ነው፤ ማንም ካህኑን ሰላይ ሊያደርገው አይገባም። ከንስሓ ውጭ ያለው የአባትነት ምክር ግን በመንገድም በገበያም ሊሰማ የተገባ ነው። በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ሁለቱ የመቅደስ ሰዎች እንደ ነበሩ ካህናት ያውቃሉ። በየቦታው ለተበተኑት የአሮጌ ሰፈር ዕድሮችም አባሎቻቸውን እንደ ገና እንዲያሰባስቡ፣ በአዲሶቹም መኖሪያዎች እንዲመሠርቱ ወረዳዎች ስፍራና ድጋፍ ቢሰጡ፣ የተበተነው ዐይን እንደ ገና ይሰበሰባል።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ባለሥልጣኖች አንድ ነገር ሊጠነቀቁበት ይገባል። ወንጀል ቀነሰ ለማሰኘት ሲባል ድኻውን ሁሉ በጅምላ አፍሶ ማሰር ቀላል ነው፤ መንገዱም ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል። ነገር ግን ያለ ማስረጃ የታፈሰ ሰው ሲለቀቅ ቂም ይዞ ይመለሳል፤ ያየውም ሕዝብ ሌባንና ዘበኛን እኩል መፍራት ይጀምራል። ሕዝብ የፈራው ዘበኛ ወሬ የሚነግረው አያገኝም፤ ወሬ ያጣ ዘበኛም ሌባን አያገኝም። ስለዚህ ሕግን መጠበቅ ለተጠርጣሪው የሚደረግ ችሮታ ብቻ ሳይሆን ለጥበቃው ሥራ ራሱ መሠረት ነው። ጉባኤውም የሠራውን ሥራና ያልተሳካለትን በየጊዜው ለነዋሪው መግለጥ ይገባዋል፤ ሕዝብ የሚያምነው ሁሉ ተሳካ የሚለውን ሳይሆን የጎደለውን አውቆ የሚያርመውን ነው።

አዲስ አበባ ልብሷን እየለወጠች ያለች ከተማ ናት። ልብስ ሲለወጥ ግን በልብሱ ውስጥ ያለው ሰው አብሮ እንዲድን ያስፈልጋል። በአዲሱ መንገድ ላይ በማታ የምትሄድ ሠራተኛ ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ሳትይዝ፣ ቸርቻሪዋም የቀኑን ገቢዋን በሰላም ይዛ ወደ ልጆቿ ስትመለስ፣ ያን ጊዜ ከተማው በእውነት ታደሰ ሊባል ይቻላል። ይህም በአንድ መሥሪያ ቤት ብርታት የሚገኝ አይደለም፤ እያንዳንዱ በቤቱ ፊት ያለውን ቅጥር ሲሠራና መለከቱ ሲነፋ ሁሉም በአንድነት ሲደርስ ነው። ባለሥልጣኖችም ካህናትም ነዋሪዎችም ይህን በልባቸው አኑረው ከሠሩ፣ «እሪ በከንቱ» የሚለው ስም የድሮ ታሪክ መታሰቢያ ሆኖ ይቀራል፤ ለሚጮኽ ሰው ሁሉ የሚደርስ ይኖረዋልና።